የዝናብ ደብተሮቹን ፍለጋ ወደ ቡሬ

ቅዳሜ ንጋት፣ 12 ሰዓት፤ ፍኖተ ሰላም

ባለጋሪዎቹ ገና ፈረሳቸውን እየጠመዱ ነው። ሚኒባሷ ካልሞላች አትነሣም፤ እኔ ግን ቸኩያለሁ። የምሠራው የምርምር መረጃ በሚቀመጥበት ማኅደር ነው። በሦስት ከተሞች ያለን ማኅደሮች አንዳችን የሌላችንን ቅጂ እንይዛለን፤ አንዱ ቢጠፋበት ከሌላው ይገኛል፣ የፈለገ ሁሉ በነፃ ያየዋል።

ዛሬ የምሄደው አያ ይስማው ዘንድ ነው። ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በየማለዳው ዝናብ እየለኩ ደብተር ላይ ጽፈዋል። ባለፈው ወር አንዱን ለሙከራ ሰጡን። የቀሩትን ምስጥ ጀምሯቸዋል። እምቢ ቢሉኝ ደጃቸው ላይ ቁጭ እላለሁ እንጂ ባዶ እጄን አልመለስም!

2 ሰዓት ተኩል፤ ቡሬ

ገበያው በርበሬ በርበሬ ይላል፤ አስነጠሰኝ። ሻይ በዳቦ ቀምሼ ባጃጅ ያዝሁ።

«መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከያዘን ትገፊያለሽ» አለኝ ሹፌሩ።

የቀለደ መስሎኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ገፋሁ፤ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆነ።

4 ሰዓት፤ አያ ይስማው ቤት

አያ ይስማው ጠላ አስቀዱልኝ፤ ስለ ደብተሮቹ ግን ትንፍሽ አላሉም። ኋላ፣ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው ልጄ። እስቲ የሰጠኋችሁን አንብቡልኝ» አሉ።

ፍኖተ ሰላም ላለው ባልደረባዬ ለሙሉቀን ደወልሁና ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«የመስከረም አንድን ንገረኝ» አሉት።

«ደረቅ ነው አያ፤ ዝናብ የለም።»

«ውሸት! የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ ዶፍ ወርዶ ልጆቹ አበባ ይዘው እኔው ቤት ነው የተጠለሉ!»

ክው አልሁ። ሙሉቀን ሲፈትሽ ገባው፤ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመልስ ጳጉሜ ስድስት የሆነችበት ዓመት መሆኑን ዘንግቷል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ተዛንፏል። እንዴት አፈርሁ! አስተባብዬ ማለፍ አማረኝ፣ አልዋሽም። ግን እንዲህ ከጀመርን ማን ያምነናል?

«ስሕተቱ የእኛ ነው አያ» አልኋቸው። «እናርመዋለን። የተሳሳተውንም አንሰርዘውም፤ ምን እንደ ነበር፣ ማን እንዳረመው፣ ከሥሩ ተጽፎ ሁሉም ያየዋል።»

«ስሕተታችሁን ለሰው ታሳያላችሁ?»

«እናሳያለን።»

ተነሡና ከአልጋ ሥር ሣጥን ጎትተው አወጡ። አንድ ደብተር መርጠው ገልጠው፣ በጣታቸው ሰባት መስመር አሳዩኝ።

«ይኸን ሳምንት አልለካሁም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በግምት ነው የሞላሁት። ሰው ሁሉ ይስማው አይዋሽም ይላል። ደብተሮቹን የያዝሁባችሁ ለዚህ ነው። እናንተ የራሳችሁን ካልደበቃችሁ፣ የእኔንም ጻፊው።»

ሰባቱን ቀን «ያልተለካ፣ ግምት» ብዬ መዘገብሁ። የማኅደራችን ቅጽ ምክንያት ይጠይቃል፤ ምን ልበል አልኋቸው።

«ሚስቴን የቀበርሁበት ሳምንት ነው በይ።»

10 ሰዓት፤ ወደ ፍኖተ ሰላም

ሣጥኑን ባጃጁ ላይ ራሳቸው ጫኑት። ጭቃው ሲይዘን ከኋላችን ደርሰው የገፉትም እርሳቸው ናቸው።