ጎረቤላ መንገድ ላይ ያነጠፍነው ጨርቅ

ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ረግረግ ነበረች። ጠጠር ባፈሰስንባት ቁጥር ጥቁሩ ጭቃ ይውጠዋል። በደርግ ጊዜ ነው፤ እኔ ጀማሪ መሐንዲስ ነበርኩ። ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ወፍራም ነጭ ጨርቅ ከጭቃው በላይ፣ ከጠጠሩ በታች እናንጥፍ ብዬ ዲዛይን ሠራሁ።

አለቃዬ ስሌቴን እያገላበጠ "ባለተሳቢውን መኪና የሚሸከመው ጨርቅ ነው?" አለኝ።

"ጠጠሩ እንዳይሰምጥ ይይዘዋል፤ ውሃውን ያሳልፋል" አልኩት። እየተጠራጠረ ፈረመ።

በአጨዳ ወራት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ጥቅሉን ዘርግተን አነጠፍነው። ወደ ገበያ የሚሄዱ አሮጊት ደረሱና ጫማቸውን አወለቁ።

"ምነው እማማ?"

"በነጭ ላይ በጭቃ ጫማ ይኬዳል ልጄ? መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ እያልን ስንመርቅ ኖረን፣ ይኸው ዛሬ ሆነ።"

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሄደ መሰለኝ፣ ረፋዱ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሕዝቡን ከነከበሮው አስከትሎ መጣና በጨርቁ ግራና ቀኝ አሰለፈው።

"ጓድ መሐንዲስ፣ እንግዳው በስንት ሰዓት ይደርሳሉ?"

"የምን እንግዳ? ከሰዓት በኋላ ጠጠር እናፈስበታለን።"

"በእንግዳው ላይ?"

"በጨርቁ ላይ።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሕዝቡን ከአጨዳ ነው ያስነሳሁት። ጨርቅ ልትቀብሩ ነው የተጠራችሁት ልበላቸው?"

ይህን እንዳለ ከመንገዱ ማዶ ካለው ገደል በኩል ንፋስ ተነሳ። ጨርቁ ብድግ አለና ሊቀመንበሩን ከነባርኔጣው ጠቀለለው። እንዳይነሳ ርገጡት ብል ማን ይደፍራል፤ ሁሉም ነጩን ፈራ። በመጨረሻ ከሕዝቡ ጋር የተመለሱት እኒያ አሮጊት ጫማቸውን ታቅፈው ጫፉ ላይ ዘፍ አሉ። ሌላውም ተከትሎ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ ከጨርቁ ሲወጣ ሕዝቡን በሥርዓት ተቀምጦ አገኘው።

"ስብሰባው ተጀምሯል" አለ። "ጓድ መሐንዲስ ስለ ጨርቁ ያስረዱናል።"

አስረዳሁ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

"ለጋቢ ይሆናል?"

"አይሆንም አባባ፣ ዝናብ ያስገባል።"

"ጋቢስ መቼ ከለከለ?" አሉ።

ገልባጭ መኪናው መጥቶ ከአንድ ጫፍ ማፍሰስ ሲጀምር ተሰብሳቢው ትንሽ ትንሽ እየተንፏቀቀ ቦታ ለቀቀለት። ጠጠሩ ጨርቁን ሸፍኖ እስኪጨርስ አንድም ሰው አልተነሳም።

ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ ቦታዋ አልሰመጠችም። አለቃዬ መጥቶ በተረከዙ ሁለት ሦስቴ መታትና ምንም ሳይል መኪናው ውስጥ ገባ። ለእሱ ይህ ትልቅ ምስጋና ነበር። እኔም አብሬው ገብቼ፣ እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ስስቅ ሄድኩ።