ከኮምፒውተሩ ያልወጣው ባለቤቴ

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ኮምፒውተሩን ላጠፋ ስል ሁልጊዜ አንድ ማሳሰቢያ ይመጣ ነበር። ሌላ ሰው ገብቶ አልወጣም፣ አሁን ቢጠፋ ያላስቀመጠው ሥራ ይጠፋበታል ይላል። ከሥሩ የባለቤቴ ስም አለ። እኔም ማጥፋቱን ትቼ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ እተወዋለሁ።

ከቸርችል ጎዳና አናት ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ እንሠራ ነበር። ደንበኛ በፍላሽ የሚያመጣው ቫይረስ ላፕቶፑን ደጋግሞ ሲያበላሽብን ባለቤቴ ቫይረስ ብዙም የማይደፍረውን ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ጫነበት። ለእሱ አንድ፣ ለእኔ አንድ መግቢያ አበጀ። አንድ ማክሰኞ ሆዱን አሞት ሐኪም ቤት ሲሄድ የእሱን እንደከፈተ ሄደ። እኔ በላዩ የራሴን ከፍቼ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ዋልኩ። በዘጠነኛው ቀን አረፈ።

በሰፈራችን ሰው ሲሞት ቤተ ዘመድ መጀመሪያ ወደ እድሩ ይሮጣል፣ ቀጥሎ ወደ እኛ። በቀብር የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ባለቤቴ እየጠየቀ ይጽፍላቸው ነበር። «የራሴን ጀምሬዋለሁ» ብሎኝ ያውቃል። «ለሌላ ከተውኩት ቁመቴን ሳይቀር ያስረዝሙታል።»

በእሱ ቀብር ያነበበው የወንድሙ ልጅ ነው። «ልጅ ባይወልዱም» የሚል ነበረበት።

ወልደን ነበር። ሴት ናት። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሣ ስለሞተች ድንኳን አልተተከለም፣ ለቅሶም አልተቀመጥንም። ከዚያ ወዲህ ሰውም አላነሣት፣ እኛም እርስ በርሳችን አላነሣናት። ያም ሆኖ «ባይወልዱም» ሲባል ቆሜ መስማቱ ከበደኝ። የወንድሙን ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰላምታ በላይ አላናገርኩትም። ባለቤቴ በጻፈው ውስጥ ልጅቷ እንዳለች እርግጠኛ ነበርኩ። የእሱን ፓስወርድ ግን አላውቀውም።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን ታቅፌ ጄኔሬተር ወዳለው ማኪያቶ ቤት እሄዳለሁ።

«እማማ፣ ዛሬም ሕፃኑን ታቅፈው መጡ!» ይለኛል አስተናጋጁ።

«ሶኬቱን አሳየኝ» እለዋለሁ።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ከረምን። ኋላ ባትሪው አብጦ ቁልፎቹን ከሥር ይገፋ ጀመር። ስድስት ኪሎ ኮምፒውተር የምታስተምር አንዲት የቆየች ደንበኛችን ወረቀት ልታስጠርዝ መጥታ አየችው።

«እትዬ፣ ይሄ ዛሬውኑ መውጣት አለበት። እሳት ያስነሣል።»

«ባትሪው ከወጣ መብራት ሲሄድ ይጠፋል።»

«ይጥፋ!»

«እሱ አልወጣም» አልኳትና ማሳሰቢያውን አሳየኋት።

ጎንበስ ብላ አነበበችው። «በግድ ማስወጣት ይቻላል» አለች ቀስ ብላ፣ «ያላስቀመጡት ግን አብሮ ይሄዳል። ፓስወርዳቸውን ብናገኝ በሰላም ይወጡ ነበር። የታቦት ስም ይሆን? የትውልድ ዘመን?»

የታቦቱን ሞከርን፣ ዘመኑን ሞከርን። አልሆነም። በሦስተኛው ስልኮች ባለ ስድስት አኃዝ በነበሩ ጊዜ የነበረንን የሱቁን ቁጥር ጻፍኩ። ተከፈተ።

ጽሑፉ እዚያው ነበር። ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። የትውልድ ቦታው፣ ትምህርቱ፣ ጋብቻችን። ከዚያ «ልጅ ባይወልዱም የሰፈሩን ልጆች ፊደል አስቆጥረዋል» ይላል። የወንድሙ ልጅ ያነበበው ቃል በቃል ይኸው ነበር። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

አስተማሪዋ ነገሩን አታውቅም፣ ሥራዋን ቀጠለች። መውጫውን ተጫነች፣ አልወጣም። ደገመችው።

«ወይ ጉድ! ይሄስ ከሹም ይብሳል፣ ወንበሩን አይለቅም» አለች። ጥቂት አየችና፣ «አሃ፣ የያዘው ይሄ ጽሑፍ ነው። የተለወጠ ነገር አለ፣ አልተቀመጠም። ላስቀምጠው?»

«ቆዪ» አልኩ።

ዕድሜዬን ስተይብ ኖሬአለሁ። የተሰረዘ ነገር፣ ጽሑፉ እስካልተዘጋ ድረስ፣ ወደ ኋላ መመለስ እንደሚቻል አውቃለሁ። መመለሻውን ተጫንኩ። አንድ ነጠላ ሠረዝ ጠፋ። ደግሜ ተጫንኩ፣ ደግሜ ተጫንኩ። «ልጅ ባይወልዱም» የሚለው ሄደና በቦታው ሌላ መጣ።

«አንዲት ሴት ልጅ ወልደው ስልሳ ሦስት ቀን አሳድገዋል።»

ቀኑን የቆጠርኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«እትዬ?» አለች።

«አስቀምጪው።»

«እንዲህ እንዳለ?»

«እንዲህ እንዳለ።»

አስቀመጠችው። መውጫውን ስትጫን ስክሪኑ ትንሽ ጠቆር አለና የሁለታችን ስም ወዳለበት ገጽ ተመለሰ። ከዚያ አጠፋችው። ማሳሰቢያ አልመጣም። ባትሪውን በመፍቻ አውጥታ ከደጅ ድንጋይ ላይ አኖረችው።

በማግስቱ ለወንድሙ ልጅ ደወልኩ።

«በዚያ በልጅ ነገር ተቀይሜህ ነበር» አልኩት።

«ገብቶኛል፣ እትዬ። እንዲያ በል ያሉኝ ግን እሳቸው ናቸው፣ ሐኪም ቤት ተኝተው። ሰው ፊት ሲነበብ እሷ አትችለውም አሉኝ።»

ለሙት ዓመቱ ሌላ እንደሚነበብ፣ አንባቢውም እሱ እንደሆነ ነገርኩት። መስመሩንም በስልኩ አነበብኩለት።

«ስሟ ማን ነበር?» አለኝ።

ስም ለማውጣት ክርስትናዋን እየጠበቅን ነበር። እንደዚያው ነገርኩት።