ወንድ የጠመቀው ስዋ

እኔ አንድ ቦታ የማልረጋ ሰው ነኝ። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት በተባለችባቸው ዓመታት መሥሪያ ቤቴ ከደብረ ብርሃን ወደ አስመራ ሲያዛውረኝ ባልደረቦቼ «ወይኔ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጠህ!» እያሉ ሲያዝኑልኝ እኔ ሻንጣዬን አስሬ ጨርሼ ነበር። መሄድ ከሆነ የት መሄዱ ግድ አይሰጠኝም። መከራዬ የሚጀምረው ከደረስኩ በኋላ ነው።

ቀኑስ በሥራ ያልፋል። የሚገድለኝ ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓት ነበር። ሲኒማ ገብቼ ፊልሙ ሳያልቅ እወጣለሁ። የአገሬ ልጆች ካርታ ሲጫወቱ እቀላቀልና ተራዬ እስኪደርስ ያቃጥለኛል። የፋብሪካ ቢራ የሚሸጥበት ቡና ቤት ብገባ ከቃኘው ጦር ሰፈር የመጡ አሜሪካኖች ጠረጴዛውን ሞልተው ይስቃሉ፤ ቆሜ አንድ ጠጥቼ መንገድ ለመንገድ መዞር ነው። ጫማዬ ብቻ ነው የተጎዳው።

የተከራየሁት ክፍል ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ስዋ እየጠመቁ የሚሸጡ ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። ስዋ ያው የእኛ የጠላ ዘመድ ነው፤ ጌሾውም ብቅሉም ያው፣ ብቻ ወፈር፣ ደፍረስ ይላል። ሴትየዋን እንደ ሰፈሩ ልጆች «አደይ» እላቸው ነበር። አንድ ማታ ወገባቸውን አሟቸው ጋን እንዳነሣላቸው ጠሩኝ። አነሣሁና አልሄድ አልኩ። ውስጡ የተደፈደፈው ነገር ፍልቅ ፍልቅ ይላል፤ እንደኔው እረፍት የለውም። ለምን ይፈላል? ጌሾው ምን ያደርግለታል? ብቅሉ መቼ ይገባል? ጥያቄ አበዛሁባቸው። በመጨረሻ እኔም ልሞክር ስላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወንድ ልጅ ስዋ ሊጠምቅ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጉድ ልታሰማኝ ነው አሉ። ግን ደግ ሴት ነበሩ። ከጓዳ አንዲት አፏ የተሸረፈ ትንሽ ጋን አውጥተው ሰጡኝ፤ «እንካ፣ ተጫወትባት» ብለው።

ተጫወትኩባታ! ጋኗን በግራዋ ቅጠል አሸሁ፣ በወይራ ጭስ አጠንኩ፣ ጌሾዬን ጠነሰስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ቤቴ ናፈቀኝ። ችግሩ ናፍቆቱ በዛ። ጠዋት ከፍቼ አያለሁ፣ ምሳ ላይ መጥቼ ከፍቼ አያለሁ፣ ማታ ከፍቼ ጆሮዬን እደቅናለሁ። አደይ ተዋት፣ ትንፋሽ አታስገባባት ቢሉኝ እኔ የት ሆኜ ልስማ። ሲደርስ አንድ ጊዜ ተጎነጨሁና ፊቴ ተጨማደደ፤ ሆምጣጤ ነበር። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ስጠነስስ አደይ መደበር ገበያ ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ከእነዚያ ከውዳቂ ቆርቆሮ የማይሠሩት ከሌለ ቀጥቃጮች ዘንድ ለጋኔ ክዳን አሠሩላት። ክዳኑ ቁልፍ ነበረው። ቁልፉን በማተባቸው ላይ አሰሩት። ጋኗን እየዞርኩ ሰነበትኩ፤ ሲከፈት ግን ስዋ ሆኖ ተገኘ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ መሥሪያ ቤት ዕድገት ሲሰጡኝ እንኳ።

ከዚያ በኋላማ ለየልኝ። እሑድ እሑድ የሰው ስዋ እየቀመስኩ ከተማውን አካለልኩት። ስዋ ያለበት ቤት በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ተደፍቶበት ይታያል፤ ጣሳ ካየሁ ማለፍ የለም። ከመደበር በላይ ያለችው ሴት አሻሮዋን ስለምታሳርረው ስዋዋ ጠቆር ይላል፣ ደስ የሚል ምሬት አለው። ሌላዋ ማሽላ ታበዛለች። አንዷ ደግሞ ገበያ ሲሞቅላት ያልደረሰውን ትቀዳለች፤ እሷን ተጣልቻታለሁ። ግን መጀመሪያ ላይ በገባሁበት ቤት ሁሉ ጨዋታ ይቋረጥ ነበር። አማርኛ ተናጋሪ የመንግሥት ሠራተኛ መጥቶ «ይህ እንዴት ነው? ያ ከየት ይመጣል?» ሲል በዚያ ዘመን ሰው ምን ያስባል? ወሬ ለቃሚ መስያቸው ነበር። እውነቴን ነው፣ ይህ በጣም ያሳዝነኝ ነበር። ራሴ እጠምቃለሁ ስላቸው ግን መጀመሪያ ይተያያሉ፣ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፣ ከዚያ አንዷ ቦታ ትለቅልኛለች። አስመራ ሰው የሆንኩት በዚህ ነው።

የአደይ ወንድም ከአስመራ ወጣ ባለችው ዓዲ ኣበይቶ ይኖሩ ነበር። ሴት ልጃቸው የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአክስቷ ብቅል ይዛ ትመጣለች። አማርኛዋ የትምህርት ቤት ነው፤ «ሐ»ን ከጉሮሮዋ አውጥታ ስትለው አንጀቴን ትበላኛለች። አንድ ቀን ከስዋዬ ቀዳሁላት። ቀመሰች፣ አሰበች፣ ደግማ ቀመሰች።

«ጥሩ ነው» አለች። «ሳትቸኩል ብትተወው ኖሮ ደግሞ ይጠጣ ነበር።»

በቃ፣ ያን ቀን አለቀልኝ። ቅዳሜን እየጠበቅሁ ሳምንቱ አልገፋ አለኝ። እሷም መምጫዋን ማለዳ፣ መሄጃዋን ማምሻ አደረገችው፤ አደይ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ላግባሽ ስላት ኮስተር ብላ፣ ጥያቄው ለአባቴ ነው፣ ወገን ይዘህ በወጉ ና አለችኝ። አደይም ይህንኑ አሉ፤ መጀመሪያ ለእናትህ ላክባት፣ ትምጣ፣ ጠብቅ አሉኝ።

እሺ አልኩ። አልጠበቅሁም። ደብዳቤው ሄዶ፣ እናቴ በሰው አስነብባ፣ አስባ፣ አኩርፋ፣ መልስ እስኪመጣ እኔ አብዳለሁ። ደግሞም ፈራሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለአገሯ ልጅ ድራ ከጎኗ ልታኖረኝ ነበር ሐሳቧ። እምቢ ብትለኝስ? ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቴ ጸጉራቸው የሸበተ ሁለት ሰዎች ለምኜ ሽማግሌ አደረግኋቸው። ለዚያ ቀን ብዬም እስከዛሬ ከጠመቅሁት ሁሉ የተሻለውን ስዋ ጠመቅሁና በሁለት ገንቦ አስጭኜ ዓዲ ኣበይቶ ወጣን።

አባትየው ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ያጣፉ ሰው ናቸው። አስገቡን፣ አስቀመጡን። ሽማግሌዎቼ ስለ ዝናብ ጀመሩ፣ ስለ እህል ቀጠሉ፤ ወደ ነገሩ አይገቡም! እኔ ወንበሩ እሾህ ሆነብኝ። ገንቦው እጥግ ተቀምጦ ማንም አይነካውም። አላስችል አለኝና ተነሥቼ ራሴ ቀዳሁ። ስቀዳ ደግሞ እንደለመድኩት ጠብ አድርጌ በመዳፌ ተቀብዬ ቀመስኩና ጽዋውን ለአባትየው ዘረጋሁ።

በመዳፍ ቀምሶ የሚሰጥ የጠመቀ ነው። ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ፤ እጄ ግን ቀደመኝ።

አባትየው መዳፌን አዩ። ጠጡ። እስከ ግማሽ ጠጥተው ጽዋውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

«ስዋው ጥሩ ነው» አሉ ቀስ ባለ አማርኛ። «አንተ ነህ የጠመቅኸው?»

«አዎ፣ አባቴ» አልኩ፤ ምን ልበላችሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ለእሳቸው ግን ሌላ ነገር ነበር የነገርኳቸው። የሙሽራው ወገን ይዞት የሚመጣውን መጠጥ የምትጠምቀው የልጁ እናት ናት፤ እናት ከሌለች እኅት፣ አክስት። ሰውየው የጠየቁት ወገንህ ማን ነው ብለው ነበር። እኔ ማንም የለኝም ያልኩ ያህል ነበር።

«እናት የለህም?»

«አለችኝ።»

«ታውቃለች?»

አንደኛው ሽማግሌዬ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው ብሎ ሊሸፍንልኝ ሞከረ። አባትየው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለኝ።

«አንተን እዚህ የላከህ መንግሥት ነው» አሉኝ። «ነገ ሌላ ቦታ ይልክሃል። ያን ጊዜ ልጄ የማን ምራት ናት? ብታለቅስ ማን ይሰማታል? እኔ ልጄን የምሰጠው እናቱ ለላከችው ነው።»

ሽማግሌዎቼ ወደ ከተማ ስንመለስ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የምቸኩልበት ነገር አጣሁ። ሰውየው ልክ ነበሩ፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ፈቃድ ወስጄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ያ መንገድ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። በየማደሪያው ሰው ሲተኛ እኔ መኪናውን እዞረዋለሁ። እናቴ በሩ ላይ ስታየኝ ተባርሬ የመጣሁ መስሏት ደነገጠች። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ ልጅቷን፣ አባትየውን፣ ስዋውን። ስዋው ላይ ስደርስ ብቻ ቀና አለች። እዚህ ቤት ጋን ስታጥብ አይቼህ አላውቅም አለች። ከዚያ ምድጃው ውስጥ እንጨቷን ማስተካከል ቀጠለች።

«ያ ሰውዬ ባይጠይቅህ ኖሮ» አለችኝ ፊቷን ሳትመልስ፣ «መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

ውጪ ወጥቼ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ስመለስ ዶሮዎቿን ለጎረቤት ሰጥታ፣ የሰው አገር ጌሾ አላምንም ብላ የራሷን ጌሾና ገብስ በከረጢት ቋጥራ አገኘኋት። አልመረቀችኝም፣ አልረገመችኝም። በመንገዱ ሁሉ በመስኮት እያየች ሄደች።

አስመራ ስንደርስ አደይ እቅፍ አድርገው ተቀበሏት። ቋንቋቸው አይገናኝ፤ በጌሾ ግን ወዲያው ተጣሉ። እናቴ ጠላዬን ነው የምጠምቀው አለች፤ አደይ ይህ ውኃ ያንን አይወድም ይላሉ። እኔ አስታራቂ ነኝ ብዬ ብገባ ሁለቱም በአንድ ላይ አባረሩኝ። ጋኑ አጠገብ ዝር እንዳልል ተከለከልኩ። እስኪደርስ ድረስ ያለውን ጊዜ አትጠይቁኝ። መሥሪያ ቤት አንዱን ወረቀት ሦስቴ እጽፋለሁ፣ ማታ ቃኘው አጥር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። የምፈራው ጠላው እንዳይበላሽ አልነበረም። እናቴ ስለ ልጅቷ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ቅዳሜ ልጅቷ መጥታ ጉልበቷን ስትስም እንኳ አገላብጣ ሳመቻትና ወደ ጋኗ ተመለሰች። አንድ ጊዜ ግን አማርኛ የት ነው የተማርሽው ስትላት፣ ትምህርት ቤት እንደሆነ ስትነግራት፣ ቤትሽስ በምን ትነጋገራላችሁ ስትላት፣ ልጅቷ «ቤቴስ እዚህ ነው» ብላ ስቃ ስትመልስ ሰምቻለሁ። ቃሉ ተዛብቶባት ይሁን አስባበት አላወቅሁም።

ከሽማግሌዎቼ ጋር ዓዲ ኣበይቶ እንደገና ወጣን። ይህን ጊዜ የቀዳችው እናቴ ናት፤ በመዳፏ ቀምሳ ለአባትየው የሰጠችውም እሷ ናት። ጠጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ጠለቅ ሲል አማርኛቸው አልበቃ ስላላቸው ልጃቸውን ለአስተርጓሚነት ጠሯት። መጥታ በመሃላቸው መሬት መሬት እያየች ቆመች።

አባትየው በእሷ አፍ እናቴን ጠየቋት፤ ይህን ልጅ አንቺ ነሽ የላክሽው?

እዚህ ላይ እናቴ አዎ ማለት ብቻ ነበረባት። በልቤ አዎ በይ፣ አዎ በይ እላለሁ።

«አልላክሁትም» አለች እናቴ። «ሳይነግረኝ ነው የመጣው። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

ልጅቷ ተረጎመች። ድምፅዋ አነሰ። ሽማግሌዬ በክርኑ ነካኝ፤ እኔ የምገባበት አጣሁ።

«ልጅዎን ልወስድ አይደለም የመጣሁት» አለች እናቴ ቀጥላ። «ልጅዎ አገሯ እዚህ ነው፣ ቤቷም እዚህ ነው። እኔ ልጄን ልሰጥ ነው የመጣሁት። መንግሥት ና ቢለው ሥራውን ይተዋል እንጂ ከዚህ አይነሣም። ይኸው በእናት አፍ ልኬዋለሁ፤ ይቀበሉኝ።»

ምን እንዳለች የገባኝ ልጅቷ በትግርኛ ስትደግመው ነው። በእናቴ አፍ ሲወጣ ጆሮዬ እምቢ ብሎ ነበር። ከጎኗ ታስቀረኛለች ብዬ ስፈራ የነበረችው እናቴ፣ ያን ሁሉ መንገድ ዝም ብላ የመጣችው ለዚህ ነበር።

አባትየው ጽዋቸውን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ አጭር ነገር አሉ። ልጅቷ ወደ እናቴ ዞረች።

«አባቴ የሚሉዎት» አለች፣ «እሱን ከሰጠሽን ለአንቺ ማን ይቀርሻል?»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ማንም» አለች። «ለዚህ ነው አደራ የምለው።»

ልጅቷ ይህን አልተረጎመችውም። አባቷም እስክትነግራቸው አልጠበቁም፤ ተነሥተው እናቴን በእጇ ይዘው ከጎናቸው አስቀመጧት።