ሽንኩርት የማያስለቅስበት ዘዴ

በደርግ ጊዜ ነው። የናዝሬቱ ቀበሌያችን በማግስቱ ለሚሄዱት ዘማቾች የመሸኛ ምሳ እንድንሠራ ሴቶቹን ሰበሰበን። እኔ ሽንኩርት የምልጠው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ስለሆነ እንባ የሚባል አይወጣኝም፤ በዚህም እኮራ ነበር። ታዲያ ከደራ የመጡ አንዲት እናት ጀርባቸውን ሰጥተውን ሲልጡ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ አየሁና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ አልኩ።

“እማማ፣ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት እንጂ! በዚህ ዕድሜዎ ይህን አያውቁም?”

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ይባስ ብዬ ላስተምራቸው ሳፋዬን ተሸክሜ አጠገባቸው ሄድኩ።

አልተቆጡም። ጭናቸው ላይ ያለውን ሰሃን ወደ እኔ አዘነበሉት።

“የኔ እናት፣ እኔ የምልጠው ድንች ነው። ነገ ከሚሄዱት አንዱ ልጄ ነው።”