የማይነበበው አርማ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ቦንጋ ባለው የትምህርት መሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የመምህራን የዝውውር ቅጽ ከዌብሳይታችን ላይ ተሞልቶና ፕሪንት ተደርጎ ለሰው ሀብት ክፍል ይላካል። ያለ መሥሪያ ቤቱ አርማ የመጣ ቅጽ ግን ተቀባይነት የለውም፤ መልአክ ቢፈርምበትም ይመለሳል።

ከቦንጋ ራቅ ብላ ደካ የምታስተምር አንዲት መምህርት ደወለችልኝ። ሴት ልጇ እግሯ ቆልማማ ሆኖ ነው የተወለደችው። በየሳምንቱ ቦንጋ ድረስ አምጥታ ጄሶ ታስቀይርላታለች፤ ሐኪሙ አንድ ሳምንት እንኳ እንዳይዘለል አስጠንቅቋታል። ስለዚህ ወደ ቦንጋ ለመዛወር ልትጠይቅ ነው። ደካ ላይ ግን ኔትወርኩ ጽሑፉን ያመጣና አርማውን ያስቀረዋል። በቦታው የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ገጹ አርማውን ይዞ አይሄድም፤ ሥዕሉ ያለበትን አድራሻ ብቻ ነው የሚይዘው። ኔትወርኩ ለደከመበት ሰው ይሄ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ስለዚህ ትንሿን ሥዕል ወደ ፊደልና ቁጥር ቀይሬ እዚያው ኮዱ ውስጥ ከተትኳት። ገጹ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ጽሑፉ ከደረሰ ሥዕሉም አብሮ ይደርሳል። ለሙከራ ለቀቅኩትና መምህርቷ ሞክራ ደወለች።

«መጣ ወንድሜ፣ ጥርት ብሎ መጣ» አለችኝ። የዝውውር ምዝገባው የሚከፈተው በሳምንቱ ነበር።

እኛ መሥሪያ ቤት ግን ኮሚቴ ያላየው ነገር ከሙከራ አያልፍም። ኮሚቴው ደግሞ በወረቀት ካላየ አያጸድቅም። ዌብሳይት ፕሪንት አስደርጎ የሚያጸድቅ ሌላ ቤት ካለ ንገሩኝ። ኮዱን አትሜ አቀረብኩ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው አንድ ገጽ ገለጡ፤ ሁለተኛውንም ገለጡ። ከላይ እስከ ታች ክፍት ቦታ የሌለው የፈረንጅ ፊደል ነው።

«ይሄ ምን የሚል ነው?»

«ሥዕል ነው ጋሼ። አርማችን ነው።»

«አርማችንን አውቀዋለሁ። ይሄ አይነበብም። ያላነበብኩት ላይ አልፈርምም፣ ከገጹ ይሰረዝ።»

ስለ ደካ ኔትወርክ ተናገርኩ። ስለ ልጅቷ እግርም ተናገርኩ። እሳቸው በቢሮው ፈጣን መስመር የድሮውን ገጽ ከፈቱና «ይኸው ይታያል አይደል እንዴ?» አሉ። ለእሳቸው ከታየ ለአገሩ ሁሉ ታየ ማለት ነው። ገጹ ወደ ድሮው ተመለሰ። ሌሎቹ አባላት ወረቀታቸውን ሰብስበው ምሳ ሄዱ።

የመምህርቷ ቅጽ ባዶ ሳጥኑን ይዞ መጣ። ሰው ሀብትም መለሰው። እኔ የሰማሁት የምዝገባው ቀን ካለፈ በኋላ ነው፤ ቀድሜ ብሰማ ኖሮ እዚሁ አትሜ እሰጣት ነበር። ቀድሜ ግን አልጠየቅኩም።

ልጇን አዝላ ቢሮዬ ድረስ መጣች። የልጅቷ ጄሶ በጭቃ ተለውሷል። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ስሞክረው መጥቶ ነበር እኮ። ማን አጠፋው?»

«ኮሚቴው።»

«ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ እምቢ ያለ የለም?»

የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።