ጋሽ ፈለቀ በሰርግ ላይ ይዘፍኑት የነበረው

ባለፈው ሳምንት ሊፍት ውስጥ አንድ ሰውዬ ጫማውን አሳምሮ ቀብቶ ገባና የጥቁር ጫማ ቀለም ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ የምወርድበት ፎቅ አልፎኝ እስከ ታች ሄድኩ። እዚህ ካናዳ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር ያደግኩበት ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ኮሪደሩ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ነበር የሚሸተው፤ ጎረቤታችን ጋሽ ፈለቀ በራቸውን ገርበብ አድርገው ረጅሙን የካውቦይ ቦት ጫማቸውን እየወለወሉ፣ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው ለማታው ሰርግ ሲያንጎራጉሩ።

ጋሽ ፈለቀ የካንትሪ ዘፋኝ ነበሩ። ይህን ስናገር ፈረንጅ ጓደኞቼ ይስቃሉ፤ በአባቶቻችን ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ሰው ግን አይስቅም፤ በካንትሪ ያልተከዘ ጎረምሳ በዚያ ዘመን ከየት ተገኝቶ! ሳምንቱን ኤርፖርት ፓርኪንግ ይሠራሉ፤ እሑድ ከሰዓት ዌስተን የሚባል ሰፈር አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ለነጭ ሽማግሌዎች ይዘፍናሉ። እማዬ እንደምትለው፣ መጀመሪያ ባርኔጣቸውን አይተው የሳቁት ሽማግሌዎች ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቢራቸውን ረስተውት ነበር።

በእኛ ሰው ዘንድ የታወቁት ግን በሰርግ ነው። እስክስታው በረድ ሲል፣ ሙሽሮቹ ተቃቅፈው ቀስ ብለው የሚደንሱባት ሰዓት የጋሽ ፈለቀ ነበረች። ጊታራቸውን አንግተው ራሳቸው በእንግሊዝኛ የጻፉትን አንድ የፍቅር ዘፈን ይዘፍናሉ፤ እናቶች ሶፍት እያወጡ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ቃሉን ግን የሚሰማ አልነበረም። «ዳርሊንግ» እና «ላቭ» ከተባለ ምን ቀረ? እሳቸውም ዘፈኑን ከልጅ አብልጠው ይሳሱለት ነበር። «ከፋሲካ በኋላ ስቱዲዮ ቡክ አድርጌያለሁ፤ ሪኮርድ ሳላደርገው አልሞትም» ይሉ ነበር፣ ያገኙትን ሁሉ ሊፍት ውስጥ ይዘው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የዚያን ቀን ሰርግ ሙሽራ የሕንፃችን ልጅ ስትሆን እናቷ እትዬ አልማዝ ለሰርጉ ብለው ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ሳምንታቸው ነው። እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ እኔ አስተርጓሚ ተብዬ ጎናቸው ተቀመጥኩ፤ እንዴት ኮርቼ እንደነበር! ጋሽ ፈለቀ ሲጀምሩ ሴትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እስቲ አንቺ፣ ምን እያለ ነው?»

እኔም እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ ድምፄን ከፍ አድርጌ መለስኩ። «ሚስቱ ሞታለች። ካናዳ ትመጣለች ብሎ የክረምት ኮት ገዝቶላት ነበር። አሁን እሷ መሬት ውስጥ ናት። ኮቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።»

እትዬ አልማዝ አማተቡ። ከዚያ ብድግ ብለው በአዳራሹ መሀል ሄዱና ማይኩን ከጋሽ ፈለቀ አፍ ላይ ነጠቁ። «በልጄ ሰርግ ሙሾ! ምን ዓይነት ሟርት ነው?» ሙሽሮቹ እንደተቃቀፉ ቆመው ቀሩ። ጋሽ ፈለቀ የሁላችንንም ፊት አንድ በአንድ አዩ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጊታራቸውን ይዘው ወጡ።

የጋሽ ፈለቀ ሚስት በስፖንሰር ልትመጣ ነው እየተባለ ስንት ዓመት ስንጠብቅ ነበር፤ «ፕሮሰስ ላይ ነው» ይሉን ነበር፤ እኛም አምነን ነበር። ለካ ሞታ ሁለት ክረምት አልፏል። መርዶውን ብቻቸውን ሰምተው፣ ለቅሶ ሳይቀመጡ፣ በየሰርጋችን ሲያለቅሱላት ኖረዋል፤ እኛ ደግሞ አጨብጭበናል። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ለቅሶ ደረሰ፤ እማዬም ምግብ ሠርታ ሄደች፤ ግን ሁሉም ያፈረ ስለነበር የተጫወተ የለም፤ ቶሎ ቶሎ ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ለሰርግ የጠራቸው ሰው የለም፤ የስቱዲዮውንም ቀጠሮ ሰረዙት።

ከሳምንት በኋላ ሊፍት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ተገናኘን። አንገቴን ደፋሁ፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ልል አፌን ስከፍት እንግሊዝኛውም አማርኛውም ጠፋኝ። እሳቸው ግን ራሴን ዳበስ አደረጉኝ።

«አይዞሽ። እስከ ዛሬ ቃሉን የሰማልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ልጅ ነበርኩና የተመሰገንኩ መሰለኝ፤ ይቅር እንደተባልኩም አድርጌ ወሰድኩት። ዛሬ ሳስበው ግን ከስድብ ሁሉ ይልቅ የሚያመኝ ያ ቃል ነው። በዓመቱ ቤት ለቀው ወደ ዌስተን ተዛወሩ፤ መጠጥ ቤቱ ተሸጠ፤ ጊታሩን ለማን እንደሰጡት የሚያውቅ አላገኘሁም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ማረፋቸውን ሰማሁ፤ ፈተና ነበረብኝና ቀብራቸው ላይ እንኳ አልደረስኩም።

ዘፈኑን ብዙ ፈልጌዋለሁ። ያኔ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ አልነበረም፤ የሰርግ ቪዲዮዎቹ ላይ ሙዚቃው እየተቆረጠ ሌላ ዘፈን ተለጥፎበታል። ዜማው ከአእምሮዬ ጠፍቷል፤ እንግሊዝኛውም አንድ ስንኝ ሳይተርፍ ጠፍቷል። ጋሽ ፈለቀ ለሚስታቸው ካዜሙት ሁሉ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው እኔ ለእትዬ አልማዝ የተረጎምኩት ብቻ ነው።