የጓያው እንፋሎት

የሚፈላ ጓያ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የረጠበ አፈር ሽታ ከጥሬ ባቄላ ሽታ ጋር ቢቀላቀል እሱን ይመስላል። ከአርብ ገበያ ቁልቁል ባለችው መንደራችን ዝናብ ባጠረ ዓመት ያ ሽታ ከየቤቱ ይወጣ ነበር፤ ከሽታው ጋርም ወንዶችና ልጆች አብረው ይወጡ ነበር። «እንፋሎቱ ጉልበት ይቆርጣል፣ ውጡ!» ይባላል። ጓያ ሰው የሚሰብረው በእንፋሎቱ ነው ብለን ነበር የምናምን፤ ደግሞም በላብ ሆኖ የጓያ ማሳ ያቋረጠውን ሰው ይሰብራል ብለን። እኔ ባስተማርሁበት የድሮ የሳይንስ መጽሐፍ ጓያ ከሽምብራና ከምስር መካከል ተሥሎ ነበር። በጥቁር ቀለም የተሣለች ቆንጆ ሥዕል ናት። ከሥሯ «ለምግብነት ይውላል» ይላል፤ ሌላ ነገር የለም።

ጎረቤቴ ወለተ ማርያም በአንድ ክፉ ዓመት ድስቱን በጣደች ቁጥር ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ባሏን ንጋቱን እየገፋች ታስወጣው ነበር። እንፋሎቱ ሲያልቅ ትጠራዋለች። አራሽ ነውና ከራሷ ቀንሳ ትልቁን ድርሻ ለእሱ ታቀርባለች። ንጋቱ ግን ተሰበረ። መጀመሪያ እግሩ ከበደው፤ ቀጥሎ በጣቶቹ ጫፍ ይራመድ ጀመር፤ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በሁለት ምርኩዝ ሆነ። መንደሩ «በላብ ማሳ ረግጦ ነው» አለ። ወለተ ማርያም ንጋቱ ካረፈ በኋላም በጓያው ማሳ የሚያልፈውን መንገድ መርገም አልተወችም።

ልጃቸው ዘቢደር ያደገችው የአባቷን ምርኩዝ እያቀበለች ነው። እኔ ዘንድ ስትማር «ለምን?» ሳትል የምትቀመጥ ልጅ አልነበረችም። በጤና ሙያ ተመርቃ ወገዳ ጤና ጣቢያ ተመደበች፤ ቆይታም ለሁለተኛ ዲግሪ የኅብረተሰብ ጤና ልትማር ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከትምህርቶቹ አንዱ ስለ መርዝ ነው፤ ቶክሲኮሎጂ ይሉታል። ስለ ፀረ ተባይ፣ ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ ስለ እርሳስ ሲማሩ ሰነበቱ። አንድ ቀን መምህሩ በስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ የጓያ አበባ አወጣ።

«ጋሼ፣ አገሬን ያየሁ መስሎኝ ደስ አለኝ» ብላ አጫውታኛለች።

መምህሩ ግን ቀጠለ። መርዙ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። አልፎ አልፎ ለበላው ምንም አይለው፤ ሌላ እህል ጠፍቶ እሱ ብቻ ለወራት ሲበላ ነው የሚሰብር። ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው ወጣት ወንዶችን ነው። አንዴ የሰበረው እግር አይጠገንም። ዘቢደር እጇን አውጥታ «እንፋሎቱስ?» አለች። «እንፋሎቱ ውሃ ነው» አላት፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሷ የእናቷን እጅ ነበር የምታስብ፤ ትልቁን ድርሻ ለአባቷ ሲያቀርብ።

ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ በነሐሴ ቀጥ አለ። ገብሱ ሳያፈራ ደረቀ፤ ጓያው ብቻ አማረበት። በዐቢይ ጾም ዘቢደር ወደ ወንድሟ ወደ ቸኮል ደወለች። አራሹ እሱ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ተቆርጧል።

«ምን ትበላላችሁ?»

«ጾም አይደል እንዴ? ንፍሮ ነው፣ ቂጣ ነው፣ ሽሮ ነው።»

«የምን?»

«የምን ይሆናል፣ እታለም! የጓያ ነዋ። እዚያ ከተማ ሌላ እህል ይዘንብላችኋል?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት ወዲህ።»

ትምህርቷን ጥላ መጣች። ከመኪና እንደወረደች እኔ ቤት ገባች። «ጋሼ፣ አብረውኝ ይምጡ። እምዬ የእርስዎን ቃል ትሰማለች። ስለ ቸኮል ነው የምናገር፤ የአባባን ነገር አናነሣም» አለችኝ። እሺ አልሁ።

ቤቱ ሳንደርስ ሽታው ተቀበለን። ቸኮል ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከደጅ ቆሟል።

«እምዬ አባርራኝ ነው፤ የሙሽራ ጉልበት ትጠብቃለች» ብሎ ሳቀ።

ወለተ ማርያም ከውስጥ «አልቋል፣ ግቡ!» አለች። ስንገባ ንፍሮው በገበቴ ቀርቦ ነበር፤ ከልጇ ፊት ተቆልሏል።

ዘቢደር ሰላምታዋን ሳትጨርስ ወንድሟን መደቡ ላይ አስቀመጠችው። «እግርህን ልቀቀው» ብላ ከጉልበቱ ሥር በመዳፏ ጠርዝ መታ አደረገችው። እግሩ ተወርውሮ ገበቴውን ደፋው።

«በቅሎ አደረግሽኝ እኮ!» አለ ቸኮል። እናትየው ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። የዘቢደርን ፊት ሳይ ሳቄ ቆመ፤ የጤነኛ እግር አወራወር አልነበረም።

«ተነሥና በተረከዝህ ሂድልኝ።»

ሞከረ። ተረከዙ መሬት አልይዝ አለው። «እንዲህ የሚሄድ ሰው የት አይተሻል? እርሻ አድክሞኝ ነው። ሲመሽም ባቴን ይይዘኛል፣ ሌላ ምንም የለብኝ።»

ወለተ ማርያም «ማርያምን! አንድ ቀን እንፋሎቱ አልነካውም!» አለች። «እዚህ ቤት ድስት ተጥዶ አንድ ቀን አላስገባሁትም!»

«እምዬ፣ እንፋሎቱ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ፍሬው ነው። የሚበላው።»

«ስንበላው አልኖርን? እኔስ ቆሜ የለሁ?»

«አንቺ ትንሽ ነው የምትበይ። አብዝቶ የበላውን ነው የሚጎዳ። ዛሬ ካቆመ ግን ሊተርፍ ይችላል። ጓያውን አርብ ገበያ ወስደን ሸጠን ገብስ እንገዛለን።»

ዘቢደር እዚያ ላይ ልታቆም ፈልጋ ወደ እኔ ዞረች። አንድ ቃል ልጨምር አፌን ከፈትሁ፤ ወለተ ማርያም ግን ከሁለታችን ቀድማ ነገሩ ገብቷት ነበር።

«ለማን ልጅ ነው የምንሸጠው?» አለች በቀስታ። ቀጥላ የተቆለለው ንፍሮ የነበረበትን ቦታ አየችው፤ ቀኝ እጇንም አየችው። «መምህር፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ንጋቱንም?»

ከድስቱ ክዳን ላይ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። እጇን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

ቸኮል ጎንበስ ብሎ ከተደፋው ንፍሮ አፈስ አደረገ።

«ተው!» አለች ዘቢደር። «ቸኮል፣ በእግዚአብሔር ተው!»

እሱ እናቱን እያየ በላው።

«ከእናቴ እጅ ነው የበላሁ። የእናቴ እጅ ምንም አላደረገኝ።»

«ሠርግህስ?» አለች እኅቱ። «በምን እግርህ ነው ሙሽራ የምትሆን?»

ፊቱ የተለወጠው ያኔ ነው። ተነሣና ዱላውን ከግድግዳው አነሣ። እንደ ወትሮው ትከሻው ላይ አላጋደመውም፤ መሬቱ ላይ ተክሎ ተደገፈው። ማንንም ሳይሰናበት፣ ደህና ዋሉም ሳይል ወጣ። ደፉን ሲሻገር የእግሩ ጣቶች አፈሩን ሲፍቁት ሰማን።